አይዞሽ ለማለት አትቸኩሉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ምን ትያቸዋለሽ?» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ምንም አልላቸውም። አፍ ዘግቶ መስማት ደግሞ ከመናገር በላይ ያደክማል።

ሰው ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ሆዳችሁ ይባባል፣ ጉሮሯችሁ ይተናነቃል፣ ከዚያ ሳታስቡት «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይወጣል። ደግነት ነው፣ አልክድም። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ብዙ ጊዜ የምናጽናናው ራሳችንን ነው። ለቅሶዋ ስለረበሸን ቶሎ እንድታቆምልን እንፈልጋለን። እሷም ይገባታል። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ተይው፣ ደህና ነኝ» ትላለች፣ የቀረውንም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ትሄዳለች።

ስለዚህ አፌን ከመክፈቴ በፊት እግሮቼ ወለሉን መንካታቸውን አስተውላለሁ፣ አንዴ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ፣ «ደረቴ ተጨንቋል፣ መናገር አምሮኛል» ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። በቃ ይሄው ነው። ማንም ሳያየኝ ያልቃል። ማይንድፉልነስ የሚሉት፣ አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ ልብ ብሎ ማስተዋል ማለት ነው፣ ስሙ ሲገዝፍ አብዛኛው ግን እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ወደ ሕክምና ያስገባው አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ካባት-ዚን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕመማቸው አልድን ላላቸው ሰዎች ሥልጠና ብሎ ጀመረው። ከቡድሂስቶች ተምሮ ሃይማኖቱን ትቶ ልምምዱን ነው የወሰደው። «ይሄ ነገር ከሃይማኖቴ ያወጣኛል ወይ?» የሚሉኝ ስላሉ ነው ይህን የምለው፤ ትንፋሽን ማስተዋል ከማንም ሃይማኖት አያስወጣም።

ሌላው ነገር የሰው ሐዘን ይጋባል። ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃይ የተጠለለባት ከተማ ናት፤ እዚህ የሚሰማው ታሪክ ማታ ቤት ድረስ ይከተላል። የአንጎል ተመራማሪዋ ታንያ ዚንገርና ባልደረቦቿ ያሳዩት ነገር ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው። የሌላውን ሥቃይ እንደራስ መሰማትና ለዚያ ሰው መልካም መመኘት በአንጎል ውስጥ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብቻውን ሲሆን ያደክማል፣ ሁለተኛው ግን ኃይል ይሰጣል፣ በልምምድም ያድጋል። አብሮ መስመጥ ርኅራኄ አይደለም ማለት ነው። የሰመጠ አማካሪ ለማንም አይሆንም።

የሚገርመው እኛ ይሄን ድሮም እናውቀዋለን። መንዝ ሂዱና ለቅሶ ቤት ግቡ። አንድ ሰውዬ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ይቀመጣል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ይላል፣ ቡና ሲሰጡት ይጠጣል፣ ለረጅም ሰዓት አንዲት ቃል ሳይጨምር ተነሥቶ ይሄዳል። ምን ሊሠራ መጣ የሚለው የለም። እንዲያውም ያልመጣው ነው የሚታወሰው። ሞት ካልሆነ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት የት እንደሚገባ እንጃ። ትዳሯ ለፈረሰባት ሴት ፍራሽ አይነጠፍላትም፤ ምክር ነው የሚዘንብባት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። ደንበኛዬን የሰማሁበት ጆሮ ባለቤቴ ጋ ስደርስ ይደነቁራል። ለወንድሙ መሃል ሜዳ ስለሚላክ ገንዘብ ከተነሣ አለቀልን። ጥንዶችን ለዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን እንደሚለው ጠብ ላይ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ሰው መስማት ያቅተዋል፣ እንዲረጋም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ደግሞ እዚያች 20 ደቂቃ ውስጥ «እሱ እኮ እንዲህ ብሎኛል» እያሉ ነገር ካመላለሱ አይሠራም። እኛ ጋ ማታ ወጣ ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው፣ የኅዳር ውርጭ ይጨርስሃል። ስለዚህ አንዳችን «አሁን ተናድጃለሁ፣ ሻይ ጥጄ እመጣለሁ» ብለን ኩሽና እንገባለን። እመጣለሁ የሚለው ነው ዋናው። በር ድርግም አድርጎ መሄድና ይሄ አይገናኙም።

ለሁሉም ሰው «ዓይንህን ጨፍነህ ተንፍስ» የሚሉም አሉ፣ አይመቸኝም። ክፉ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን የሚመጣበት ያ ነገር ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ገልጦ መስኮቱን ይይ፣ የተቀመጠበትን ወንበር ይዳስስ፣ ይበቃል። ባሏ የሚመታትን ሴት ደግሞ በረጋ መንፈስ አዳምጪው፣ እዘኚለት የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዛሬ ማታ የምታድርበት ቤት አላት ወይ ነው።