የድንጋይ ሽበትና የሩቅ አገር ንብ፦ የማስታወሻዬ ስምንተኛ ወር

መስከረም ላይ በግቢያችን የድንጋይ አጥር ላይ ተለጥፋ የምታድግ አንዲት የድንጋይ ሽበት (ላይከን) መርጬ በማስመሪያ መለካት መጀመሬን ነግሬአችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስለካት በስምንት ወር ያደገችው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ሰልችቶኝ ነበር፤ አሁን የሚያስደንቀኝ ይኸው ትንሽ ቁጥር ነው። በፋሲል ግንብ በኩል ሳልፍ በድንጋዩ ላይ መዳፍ የሚያክል ክብ ካየሁ ቆም ብዬ ዕድሜውን አስባለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ተክል መስላኝ ሥሯን ስፈልግ ከርሜአለሁ። ሥር የላትም። ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩባት ናት፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ፈንገሱ ከለላ ይሆነዋል፣ እርጥበትም ይይዝለታል። በየካቲት ደርቃ አመድ መስላ ሳለ ጥቂት ውኃ አንጠባጠብኩባት፤ ዐይኔ እያየ አረንጓዴ ሆነች! የላይኛው ሽፋኗ ሲርስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው አልጌ ብቅ ይላል።

ለማነጻጸሪያ የያዝኳት ቦምቡስ አፊኒስ የምትባለውን የሰሜን አሜሪካ የዱር ንብ ነው። እሷ የምትመደብበት፣ ባምብልቢ የሚባለው የጸጉራም ንቦች ወገን ከሰሃራ በታች በተፈጥሮው ስለማይገኝ የማጠናት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሠራተኞቹና ወንዶቹ ጀርባቸው ላይ የዝገት ቀለም አላቸው፤ ንግሥቲቱ ግን የላትም። ይህን መለየት ብዙ ምሽት ወስዶብኛል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቁጥሯ አሽቆልቁሎ በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባት ተብላ ተመዘገበች። በሽታ፣ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒትና የአበባ ሜዳዎች መመናመን በምክንያትነት ይነሣሉ።

ለእኔ ልዩነታቸው ስንቃቸው ላይ ነው። የድንጋይ ሽበት ምግብ ሠሪዋን በውስጧ ይዛለች፤ ድርቁን ተኝታ ታሳልፈዋለች። የንቧ ስንቅ ግን ያለው በአበባው ዘንድ ነው። የበረዶውን ወራት የሚሻገሩት ከወንድ ጋር የተገናኙ አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው። እያንዳንዷ በጸደይ ብቻዋን ተነሥታ ቤተሰቡን እንደ አዲስ ትመሠርታለች፤ ያን ጊዜ አበባ ካጣች የዚያ ዓመት ቤተሰብ ሳይወለድ ይቀራል።

ይህን ስጽፍ የእኛዋ ጣዝማ ታወሰችኝ። እሷ መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውን ማሯን ለማውጣት ሲቆፈር ቤቷ ይፈርሳል። አክስቴ በማሳቸው ዳር አንድ የጣዝማ ቀዳዳ እንዳለ ነግረውኛል። እንዳያስቆፍሩት ለምኛቸዋለሁ። ሰኔ ሳይገባ ሄጄ ገቢና ወጪዎቹን በየሰዓቱ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩን በሚቀጥለው ማስታወሻ አሰፍረዋለሁ።