ሰባት ነው የሚቀነሰው

ኅዳር 2017 ጡረታ ወጣሁ። በነርስነት 38 ዓመት አገልግዬ። መውጣት የነበረብኝ በ2018 ነበር። አንዷን ዓመት የበላኋት ራሴ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

መጀመሪያ ስለ ብሩ ልበል። ከደመወዜ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ መሥሪያ ቤቴ 11 ሲጨምርበት፣ የሆነ ቦታ በስሜ የሚጠራቀም ይመስለኝ ነበር። ጡረታ እቁብ አይደለም። የሚታየው የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ 1.25፣ ጣሪያው 70። የኔ 65 በመቶ ሆነ። ስሌቱን በኪኒን ፖስታ ጀርባ ሠርቼ ነው የሄድኩት፤ ትክክል ነበርኩ።

ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ ክሊራንስ በሁለት ቀን አለቀ።

ጉዱ የልደት ቀኔ ነው። ክረምት ላይ የጡረታ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ተሳስተዋል ብዬ ሳቅሁ። እናቴ የወለደችኝ በ1958 በኅዳር ሚካኤል ነው። የክርስትና ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። የጡረታ ጉዳይ የሚሠራው ልጅ ትሑት ነው። ፋይሌን ገልጦ የሕይወት ታሪክ ፎርሙን ወደኔ አዞረው።

«ሲስተር፣ ይሄ የርስዎ ጽሑፍ አይደለም?»

የኔው ነው። ኅዳር 12 ቀን 1957። ያቺን የተንጋደደች «ኅ» የትም አውቃታለሁ። በ1979 ስቀጠር በእጄ የነበረው የትምህርት ቤቱ ወረቀት ነው፤ ልደቴ የተጻፈበት በፈረንጅ፣ 1965 ተብሎ። እኔም እንደማንኛውም ሰው ስምንት ቀነስኩ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የተወለደ ሰው ግን ሰባት ነው የሚቀንሰው። ሕጉ ደግሞ የሚያውቀው መጀመሪያ ስንቀጠር የሞላነውን ነው። ኋላ የመጣ ማስረጃ አያርመውም።

እኔ እልኸኛ ነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩባት ወረዳ በደባርቅ መንገድ ናት። እዚያ ሌላ ቅጂ ይኖራል፣ ምናልባት 1958 ይል ይሆናል አልኩ። ከጎንደር አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ስብሰባ ነው። በሁለተኛው ልቅሶ ሄዷል። በሦስተኛው መንገድ ተዘግቶ ከግማሽ ተመለስኩ። በአራተኛው ተገኘ፤ «አንች፣ ደብዳቤ ይዘሻል?» አለኝ። ለገዛ ፋይሌ! በልጆቹ ዕድሜ ያለሁ ይመስል። ደብዳቤ አጽፌ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ፎርሙን አገኘሁት። ኅዳር 12 ቀን 1957። በካርቦን ተገልብጦ።

ሚኒባስ ውስጥ ሳቄ መጣ። የተናደድኩት ግን በቁልፉ ሰውዬ ብቻ አይደለም። በ38 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ «መረጃችሁን አረጋግጡና ፈርሙ» ተብለናል? ፈርሜያለሁ። ለበሽተኛ መድኃኒት ስሰጥ ስሙን ሁለቴ የማነብ ሴት የራሴን አንዴም አላነበብኩም።

በመቶኛ ያጣሁት 1.25 ብቻ ነው፤ እሱን ተዉት። የአንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ግን ቀርቷል። በመስከረም 2018 ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር እኔ ቤቴ ቡና እየቆላሁ ሰማሁት። ብቆይ ኖሮ አማካዩ ላይ ስንት ይጨምርልኝ እንደነበር ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

«ፋይላችሁ እኛ ጋ አለ፣ ወረቀት አታከማቹ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ ያ ፎርም፣ ሁሉንም ኮፒ አድርጉና ቤታችሁ አስቀምጡ። ፎርሙን ሳትጠየቁ ሂዱና እዩት። ባይታረም እንኳ መቼ እንደምትወጡ ታውቃላችሁ፤ እኔ ለልጄ ሠርግ የያዝኩት ብር በዚህ ነው የተናጋው። ባልና ልጆቻችሁንም ፋይሉ ላይ አስመዝግቡ። አንዱ ሲሞት ለትዳር ጓደኛ የሚተርፈው የጡረታው 50 በመቶ ነው፤ በልቅሶ ማግሥት የጋብቻ ወረቀት መፈለግ ምን እንደሚመስል ጎረቤቴን አይቻታለሁ።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች። አዲስ ተቀጥራ ፎርም ልትሞላ። መነጽሬን አድርጌ ከኋላዋ ቆምኩ።

«ልደትሽ?»

«ጥቅምት። በፈረንጅ ነው ያለኝ፤ ስምንት ልቀንስ አይደል እትዬ?»

እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቅኳት።