ሦስት ሦስት የሚመታው

ዛሬ አሞራ ገደል ዓሣ የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ውርርድ ተበልቼ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ባዮሎጂ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። እንሰት የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ፣ ዛንቶሞናስን፣ ታጠናለች። እኔ ኤሌክትሪካል ነኝ። የለመድኩት ከልብ ምት ቀረጻ ላይ የመብራት መስመሩን የ50 ኸርዝ እዝታ ማጥራት ነው። ከወር በፊት ቡና ላይ "ዲኤንኤም እኮ ሲግናል ነው፣ እስቲ አምጪው" አልኳት። አፌ አያርፍም።

ፋይል ላከችልኝ። ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ፤ አራት ፊደል ብቻ፣ ያለ ክፍተት፣ ገጽ በገጽ። ፎሪየር ትራንስፎርም፣ ማለትም ሲግናል ውስጥ የሚደጋገመውን ምት የሚለየው ስሌት፣ ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ኤን 1፣ ሲን 2፣ ጂን 3፣ ቲን 4 አድርጌ አስኬድኩት። ግራፉ ላይ አንድ ሹል ነገር ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ላኩላት።

የመለሰችው አንድ መስመር ነው፦ "ቲ የኤ አራት እጥፍ ነው ያለህ ማነው?"

ማንም አላለኝም። የኤንና የቲን ቁጥር አቀያይሬ ደገምኩት። የሹሉ ቁመት ተለወጠ። ዲኤንኤው ግን ያው ነው። ዕድሜዬን እዝታ ስለቅም የኖርኩ ሰው፣ እዝታውን በገዛ እጄ ጨምሬው ኖሯል። አፈርኩ።

መላው ቀላል ነው፤ ሪቻርድ ቮስ በ1992 ተጠቅሞበታል። አንዱን የፊደል ሰልፍ አራት ታደርገዋለህ። ኤ ባለበት 1፣ በሌለበት 0። ለሦስቱም እንዲሁ። አራቱን ለየብቻ ፎሪየር ታስገባና ጉልበታቸውን ትደምራለህ። ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ላይ አንድ ሦስተኛው ፍሪኩዌንሲ ጋ፣ ማለትም በየሦስት ፊደሉ አንዴ የሚመታው ጋ፣ ሹል ይወጣል። ኮዶን፣ ፕሮቲን ሲሠራ አንድ ላይ የሚነበበው ቃል፣ ሦስት ፊደል ነውና፣ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወንበር የሚቀመጡት ፊደሎች እኩል አይደባለቁም። ሠርግ ቤት ከሩቅ ስትሰማ ዜማው ሳይለይ የቺክቺካው ምት ቀድሞ ይደርስሃል አይደል? እንደዚያ ነው። ፊደሉን ሳላነብ ምቱን ሰማሁ።

መስኮቱን፣ በአንድ ጊዜ የማየውን ቁራጭ፣ 351 ፊደል አድርጌ በሰልፉ ላይ አንሸራተትኩት። ሲጠብ ይንጫጫል፣ ሲሰፋ የጂኑ ዳር ይደበዝዛል። ይህ ራስ ምታት እስካሁን አለቀቀኝም።

ውርርዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። "የፈለግሽውን ላኪ፣ ጂን ከሆነ አውቀዋለሁ" አልኳት። 1,500 ገደማ ፊደል ላከች። አስኬድኩት፤ ጭጭ። አንድ ሦስተኛው ጋ ምንም የለም። ሁለት ጊዜ አየሁት። "ይሄ ጂን አይደለም" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ሳቀች። "16ኤስ ነው እኮ። ጂን ነው፤ አርኤንኤ ይሆናል እንጂ ፕሮቲን አይሠራም። ሦስት ሦስት እያለ የሚያነበው የለም።" ትንሽ ቆየችና፣ "እንዲያውም ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን፣ ራይቦዞም፣ ውስጥ ገብቶ ሌላውን አርኤንኤ ሦስት ሦስት እያደረገ ከሚያነበው አካል አንዱ ነው" አለች።

የዓሣ ሾርባም ጨምራ አዘዘች።