ቀድሞ የሞቀው ሞተር

ሥራዬ ያገለገሉ መኪኖችን ከግዢ በፊት መፈተሽ ነው። ገዢው ይጠራናል፣ መኪናው ወደቆመበት እንሄዳለን፣ ያየነውን ጽፈን እንሰጣለን። ካገኘኋቸው ደንበኞች መካከል በዝግጅቷ የምትለየው አንዲት ሴት ናት። ደብተር ይዛ ነበር የመጣችው። የምትፈልገው ሞዴል በየትኞቹ የምርት ዓመታት ዘይት እንደሚበላ፣ ካምቢዮው ምን ዓይነት ድምፅ ሲያሰማ መጠርጠር እንዳለበት፣ የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚያልቅ በሥርዓት ጽፋለች። ሻጩንም አስቀድማ የሻንሲ ቁጥሩን ጠይቃ፣ አምራቹ ለነፃ ጥገና ከጠራቸው መኪኖች ውስጥ መኖር አለመኖሩን አጣርታለች።

ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔን ግን በጣም ያሳስበኛል። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች (ተሳፋሪን ለመከላከል የሚነፉ የአየር ከረጢቶች) የተጠሩት ጋዝ የሚያመነጨው ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ስለሚበላሽ ነው። በግጭት ጊዜ ከልክ ባለፈ ኃይል ይፈነዳና የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይወረውራል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ተጠርተዋል። እንዲህ ያለው ችግር በዓይን አይታይም፣ በመንዳትም አይታወቅም። የሚያሳውቀው 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው።

አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ደብተሩን አይቶ «ይህን ሁሉ ካወቀች እኛን ለምን ፈለገች?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደብተሩ የሚናገረው ግን ስለ ሞዴሉ ነበር፤ ፊታችን ስለቆመችው መኪና አንድም ቃል አልነበረበትም።

ለሻጩ አስቀድመን አደራ ያልነው አንድ ነገር ነበር፦ እስክንመጣ ሞተሩ እንዳይነሳ። ደርሰን ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሞቅ ብሏል። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ስሰካ የማቀዝቀዣ ውሃው ከ70 ዲግሪ በላይ ነበር። ሌሊቱን ቆሞ ባደረ መኪና የውሃው ሙቀትና ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ ነው መሆን ያለበት። ሻጩን ስጠይቃቸው «አቧራውን ላጥባት ብዬ ትንሽ አንቀሳቅሻት ነበር» አሉ።

ስካነሩ የሞተር መብራቱን የሚያበራ የስህተት ኮድ አላገኘም። ባልደረባዬ «ንጹህ ናት፣ እንጨርስ» ቢለኝም ቀጥሎ ያለውን ገጽ አሳየሁት። የመኪናው ኮምፒውተር ክፍሎቹን የሚፈትሽባቸው ሙከራዎች አሉት፤ ኮድ ሲሰረዝ እነሱም ከዜሮ ይጀምራሉ፣ እስኪጠናቀቁም መኪናው በተለያየ ፍጥነት መነዳት አለበት። እዚህ አብዛኞቹ አልተጠናቀቁም። ኮድ ከተሰረዘ በኋላ የተነዳው ርቀትም ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር ኮምፒውተሩ «ደህና ነኝ» አላለም፤ ገና ፈትሾ አልጨረሰም።

ይህ ብቻውን ተንኮል አያሳይም። ባትሪ ሲነቀልም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፣ ሻጩም «ባትሪ አስነቅዬ ነበር» አሉ። ሰውን በግምት መወንጀል ሥራችን ስላልሆነ ባትሪውን ሄጄ አየሁት። ተርሚናሎቹ ላይ ነጭ ዝገት ተጋግሮ ብሎኖቹን ሸፍኗል። በቅርብ ቁልፍ የነካው ብሎን እንዲህ አይሆንም።

ለሴትዮዋ «ይቅርታ እህቴ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ እንቆያለን» አልኳት። ሻጩ ሌላ ገዢ እንደሚጠብቃቸው ነገሯት። ቀብድ ለመክፈል እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንቆይ» አለች። በዚያች ደቂቃ በጣም አከበርኳት፤ ሻጭ ሲያቻኩል ጸንቶ መቆም ከመካኒክ እውቀት ይበልጣል።

በቆይታችን ቀሪውን አየን። ቀለሙ በውፍረት መለኪያው ስንለካው ከአንድ በር በስተቀር ዙሪያውን ተቀራራቢ ነው፤ በሩ ላይ ስቱኮ አለ፣ ግን ቀላል ነገር ነው። የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻ ስበን ጎርፍ የነካው መኪና የሚያሳየውን የጭቃ መስመር አላገኘንም። እስከዚህ መኪናዋ መልካም ነበረች። ከትርፍ ጎማው ጎን ግን ግማሽ የደረሰ የሞተር ዘይት ጀሪካን ተቀምጧል። ሴትዮዋ አየችው፣ ምንም ሳትናገር ደብተሯን ገለጠች።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ባልደረባዬ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቆሞ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ አለና ጠፋ። ሞቆ ቢሆን ኖሮ ይህን አናይም ነበር። ቆሞ ያደረ ሞተር ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ካጨሰ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጉት የቫልቭ ሲሎች ደርቀው ሌሊት ዘይት ስላንጠባጠቡ ነው። እየተነዳ፣ በተለይ ነዳጅ ሲረገጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በፒስተኖቹ ዙሪያ ወዳሉት ፋሻዎች ይዞራል፣ የጥገናውም ክብደት ሌላ ነው። ሞተር ዘይት ሲያቃጥል ደግሞ ከዘይቱ የሚወጣው ፎስፈረስ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያዳክመዋል፤ የሞተር መብራቱን አብርቶ የነበረው ይህ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ኮዱን በዓይኔ ስላላየሁት ግን በሪፖርቱ ላይ ያሰፈርኩት «ሙከራው አልተጠናቀቀም» የሚል ነው።

ሴትዮዋ ሻጩን በትህትና «እንደ ወትሮው ይንዷትና ሙከራዎቹ ሲጠናቀቁ እንደገና እንይ» አለቻቸው። አልፈለጉም። እሷም አመስግና ሄደች።

በኋላ ሻጩ ራሳቸው ደወሉልኝ። መብራቱ ሲበራ እንደከረመ፣ ያስጠፉትም የሚገዛ ሰው እንዳይሸሽ ፈርተው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ከዚያም ምን ይሻላል አሉ። መጀመሪያ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ግፊት) እንዲያስለኩ መከርኳቸው። ልኬቱ በሁሉም ላይ ጥሩና ተቀራራቢ ከሆነ ፋሻዎቹ ደህና የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ሲሎቹን መቀየር ደግሞ ሞተር ሙሉ ለሙሉ ከማደስ በጣም ይቀላል። የልኬቱን ወረቀት ከመኪናው ሰነዶች ጋር ያስቀምጡት፣ መብራቱንም ሳያስጠፉ ለቀጣዩ ገዢ ያሳዩት አልኳቸው።