ብላክከራንት የሚሸተው ሆፕ፦ የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻ ከለንደን ጓሮ

የሆፑ ነገር ከምን ደረሰ ለምትሉኝ፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የሚወራለትን መዓዛ በደንብ ያገኘሁት ገና አሁን ነው። ተክሉ ራሱም ሙሉ ምርት የሚሰጠው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጉልበቱን ሁሉ ስር ላይ ያውለዋል፤ ጥቂት አበባ ካያችሁ በቂ ነው።

ለአዲሶቹ፣ ሆፕ ለቢራ ምሬቱንና መዓዛውን የሚሰጠው ሐረግ ነው። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። በዝምድና ግን ከጌሾ ጋር አይገናኝም። የቅርብ ዘመዱ ካናቢስ ነው። የሁለቱም ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይበቅላሉ፤ የሚፈለገውም የሴቷ አበባ ነው። መዓዛው የሚመጣው አበባው ላይ ካሉ ጥቃቅን የሙጫ እጢዎች ነው። ማይርሲንና ሁሙሊን የሚባሉት ሽታ ሰጪ ዘይቶች በሁለቱም ውስጥ አሉ። ሆፕ ግን የካናቢስ አደንዛዥ ንጥረ ነገር የሆነው ቲኤችሲ የለውም። ስለዚህ እዚህ አገር ካናቢስ ያለ ፈቃድ መትከል ወንጀል ሲሆን ሆፕን ማንም ሰው ጓሮው ውስጥ ያሳድጋል።

የእኔ ዝርያ ብራምሊንግ ክሮስ ይባላል። በ1927 እንግሊዝ ኬንት ውስጥ በነበረው ዋይ የተባለ የግብርና ኮሌጅ ፕሮፌሰር ኧርነስት ሳልመን ያዳቀሉት ነው። በአንድ ወገን የእንግሊዙ ብራምሊንግ፣ በሌላው ወገን ከካናዳ ማኒቶባ የመጣ የዱር ሆፕ ዘር አለበት። ብላክከራንት የሚባለውን ጥቁር ኮምጣጣ ፍሬ የሚሸተው ይህ ዝርያ ነው፤ ከዚያ ፍሬ የሚሠራውን ራይቤና የጠጣ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከኋላው ትንሽ የሎሚ ሽታም አለው። በዚያ ዘመን ብዙ ጠማቂዎች ይህን ሽታ አልወደዱለትም ነበር። እኔ የተከልኩት ለእሱ ብዬ ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። የስር ቁራጩን በማርች፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኝ ቦታ፣ ጥልቅ አድርጋችሁ ቆፍራችሁ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ቅበሩት። ሐረጉ እስከ 6 ሜትር ሊወጣ ስለሚችል ጠንካራ ገመድ ይፈልጋል። ኤፕሪል ላይ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ሁሉንም ማሳደግ ያጓጓል፣ ግን ለአንድ ገመድ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አስቀሩ። የተቆረጠውን አትጣሉ። በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ጠበስ ሲደረግ ግሩም ነው። የቀሩትን በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሟቸው፤ በተቃራኒው ብትጠመጥሟቸው ራሳቸውን ፈተው ይመለሳሉ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ግንዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ቆዳ ይቧጭራሉ፤ አንዳንዱን ሰው ያሳክኩታል።

በጁላይ ችግር የሚሆነው ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ ነው። የሆፕ ክሽክሽ የብርዱን ወራት ፕለምና መሰል ዛፎች ላይ አሳልፎ ነው የሚመጣው። ጎረቤቴ ጋ ፕለም ስላለ በየዓመቱ እጠብቀዋለሁ። መርጨት አልወድም። በውኃ ግፊት አራግፈዋለሁ፣ የቀረውን ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ትጨርሰዋለች። የታችኛውን ቅጠል እስከ አንድ ሜትር ድረስ አነሳለሁ፣ ውኃም ስሩ ላይ ብቻ አጠጣለሁ። አየር ካልተዘዋወረ ሻጋታ ይገባል።

ዋናው ነገር ግን የመልቀሚያው ቀን ነው። መዓዛውን የሚወስነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከአፈሩም ከማዳበሪያውም በላይ። ዕለታዊው ሥራ ይህ ነው፦ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ከላይም ከታችም አንድ አንድ አበባ ቆርጣችሁ በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉ። እርጥብ ሆኖ ተጨፍልቆ ከቀረ አልደረሰም። እንደ ደረቅ ወረቀት ኮሽ ብሎ ወደ ቅርጹ ከተመለሰ ቀርቧል። ከዚያ ለሁለት ሰንጥቁት። ቅጠሎቹ ስር ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ዱቄት ታያላችሁ። ገርጣ ያለ ከሆነ ጠብቁ፤ ደማቅ ቢጫ ሲሆን መዳፋችሁ ላይ ፈትጋችሁ አሽትቱት። ገና ከሆነ የታጨደ ሣር ይሸታል። ካለፈበት ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በመሃል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው ብላክከራንቱ የሚወጣው። ዘንድሮ እነዚያን ቀናት አገኘኋቸው፤ ጓሮው በሙሉ አወደው!

የተለቀመ ሆፕ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል፣ በኃይለኛ ሙቀት ከደረቀ ደግሞ መዓዛው ይተናል። እኔ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ወንፊት መረብ ላይ በስሱ ዘርግቼ ቬንቲሌተር አበራበታለሁ። የመሃሉ እንጨት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። አየር በማያስገባ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ውጭ ከከረመ የቆየ አይብ መሽተት ይጀምራል።

እኔ ቢራ አልጠምቅም። ከፊሉን ትንሽ ትራስ ውስጥ ከተትኩት፤ የዚህ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ለእንቅልፍ የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ከፊሉን ማታ ማታ እንደ ሻይ እጠጣዋለሁ፤ ስለሚመር ማር ይፈልጋል። ለእኔ ያረጋጋኛል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲም ሆፕን ለቀላል ጭንቀትና ለእንቅልፍ ማገዣ ተቀብሎታል፣ የተቀበለው ግን በረጅም ዘመን ልማድ ላይ ተመሥርቶ ነው። እርጉዝ የሆነች፣ ወይም የእንቅልፍ ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ። ውሻ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ሆፕ የበላ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ በድንገት ጨምሮ ሊሞት ይችላል።

አሁን ሐረጉን ከመሬት ከፍ አድርጌ ቆርጬ ስሩን በኮምፖስት ሸፍኜዋለሁ። ማርች መግቢያ ላይ ስሩን እከፍላለሁ። ለንደን አካባቢ ያላችሁና የምትፈልጉ ንገሩኝ፣ እርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጥላችኋለሁ። ጓሮ የሌላችሁ በትልቅ በርሜል ማሳደግ ይቻላል፤ ውኃ ግን በሙቀቱ ወራት ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥበት።