የትእዛዝ መመዝገቢያችንን ወደ ብራውዘሩ ያዛወርንበት ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ድርጅት የሽያጭ ትእዛዝ መመዝገቢያ ሥርዓት እንደገና እንዲሠራ ሲወሰን የቴክኒክ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ነባሩ ሥርዓት በብራውዘር የሚከፈት ቢሆንም ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በሰርቨሩ፣ ማለትም በማዕከላዊው ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ተጠቃሚው አንድ የዕቃ መስመር በጨመረ ቁጥር ቅጹ በሙሉ ወደ ሰርቨር ይላካል፣ ሰርቨሩ ገጹን ከራስጌ እስከ ግርጌ አዘጋጅቶ ይመልሳል፣ ብራውዘሩም የነበረውን አጥፍቶ አዲሱን ያሳያል። ስለዚህ 20 መስመር ያለው ትእዛዝ የሚመዘግብ ሠራተኛ ቢያንስ 20 ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

ለአመራሩ ያቀረብኩት የመጀመሪያ ሐሳብ ውድቅ ሆነ፤ መሆኑም ተገቢ ነበር። የጻፍኩት በአብዛኛው ስለ መልክ ነበርና ሥራ አስኪያጁ «ይህ ለድርጅቱ ምን ይጨምርለታል?» ብለው ሲጠይቁኝ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ወደ መዝጋቢዎቹ ክፍል ሄጄ ከጎናቸው ተቀምጬ ሲሠሩ ስመለከት ዋልኩ። ገጹ ሁልጊዜ ከላይ ስለሚጀምር ሠራተኛው የነበረበትን መስመር በዓይኑ እየፈለገ እንደገና ይወርዳል። ስሕተት ካለ የሚነገረው ቅጹ ተሞልቶ ከተላከ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም የተሞሉት ሳጥኖች ባዶ ሆነው ይመለሳሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት መዝጋቢ ትእዛዙን በመጀመሪያ በወረቀት ይጽፉና ቆይተው ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጡት ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ደንበኛው ስልክ ላይ ሆኖ ሳለ ስክሪኑ እስኪመለስ ጠብቅ ልለው አልችልም» አሉኝ። ድርጅቱ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ እያሠራ ይከፍል እንደነበር የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው።

የኮምፒዩተር አጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ምላሽ ጊዜ ያሰፈራቸውን ገደቦች ቀደም ሲል አንብቤአቸው ነበር፤ እስከ 0.1 ሰከንድ የሚመጣ ምላሽ ወዲያው እንደተገኘ ይቆጠራል፣ እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱ ቢታወቅም ሐሳብ አይቋረጥም፣ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ግን ሰው ትኩረቱን ወደ ሌላ ጉዳይ ያዞራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ገደቦቹን በሰው ፊት ላይ አየኋቸው። ሁለተኛውን ሐሳብ ሳቀርብ ስለ መልክ አንድም ቃል አልጻፍኩም። አንድ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚያስጠብቅ፣ እያንዳንዱ ጥበቃ በሰዓት ሲለካ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ በቀን ስንት ትእዛዝ እንደሚገባ አስቀምጬ ሦስቱን አባዛሁ። ውጤቱ ደመወዝ እየተከፈለበት በከንቱ የሚያልፍ ሰዓት ስለነበር ሥራው ተፈቀደ።

ቀጥሎ የመጣው የምርጫ ጉዳይ ነው። ከሰርቨሩ ጋር ገጹን ሳይቀይሩ መነጋገር የሚያስችለው ዘዴ በብራውዘሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቢኖርም፣ ኤጃክስ የሚለውን ስሙን ያገኘው በ2005 ነው፤ ከዚያ ወዲህም የተዘጋጁ ሠንጠረዦችን፣ ቅጾችንና የቀን መምረጫዎችን የያዙ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ብራውዘሩ በሚያስኬደው በጃቫስክሪፕት ቋንቋ አስቀድመው የተጻፉ የኮድ ስብስቦች በርክተው ነበር። ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ እንደ ፍላሽና ሲልቨርላይት ያሉ በብራውዘሩ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪዎችን መርጠው ነበር። በወቅቱ የተቃወምኩት ተጨማሪውን በየኮምፒዩተሩ መጫንና ማደስ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ብቻ ነው፤ የፍላሽ ድጋፍ በ2020 መጨረሻ፣ የሲልቨርላይት ደግሞ በ2021 ሲቋረጥ ግን ውሳኔው ካሰብኩት በላይ እንደጠቀመን ተረዳሁ። የመረጥነው ላይብረሪ የብራውዘሮችን ልዩነት ራሱ ስለሚሸከምልን ፕሮግራመሮቻችን ጊዜያቸውን በድርጅቱ ደንቦች ላይ አዋሉ፤ ይህን ጥቅም በመጀመሪያው ስሌቴ ውስጥ ፈጽሞ አላስገባሁትም ነበር።

መዝጋቢዎቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት ማውዝ ሳይነኩ በኪቦርድ ብቻ ከሳጥን ወደ ሳጥን መሄዳቸውንና ስሕተቱ እዚያው መስመሩ ላይ መታየቱን ነው። ወረቀቱ ቀስ በቀስ ከጠረጴዛው ጠፋ።

ያልጠበቅነው ችግር የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ፈጣን የነበረው ስክሪን ወደ ማምሻው እየከበደ ይሄድና በመጨረሻ ይቆማል። ቀድሞ ገጹ በተቀየረ ቁጥር ብራውዘሩ የገጹን ማኅደረ ትውስታ ያጸዳ ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ገጽ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ስለሚውል፣ የተዘጉ መስኮቶችና ሠንጠረዦች በኮዳችን ሳይለቀቁ እየተከማቹ ቦታ ይይዙ ነበር። እኛ የሞከርነው ለ10 ደቂቃ ነው፤ እነሱ የሚጠቀሙበት ለ8 ሰዓት ነው። ይህን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሙከራ ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩና። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ክፍል በቀን ሙሉ አጠቃቀም ሳይፈተን እንዲወጣ አልፈቅድም።

ሌላው ጉዳይ የመረጃ እውነተኛነት ነው። ብራውዘሩ ብልህ ሲሆን ፍተሻውን ሁሉ ለእሱ መተው ያጓጓል፤ ነገር ግን ከብራውዘር የሚመጣውን መልእክት ማንም ሰው አስተካክሎ ሊልከው ስለሚችል፣ የዱቤ ጣሪያን የመሰለ ደንብ የግድ በሰርቨሩ ላይም መፈተሽ አለበት። ስክሪኑ ላይ ያለው መረጃ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይም ሁለት ሠራተኞች አንዱን ትእዛዝ ከፍተው አንዱ የሌላውን ለውጥ ሳያውቅ ሊደመስስ ይችላል። ለእያንዳንዱ መዝገብ የእትም ቁጥር ሰጥተን፣ ቁጥሩ ካረጀ ሰርቨሩ ለውጡን እንዳይቀበልና አዲሱን እንዲያሳይ አደረግን።

በጣም ውድ የሆነብን ስሕተት ግን የላይብረሪውን የራሱን ኮድ እዚህም እዚያም መነካካታችን ነው። አዲስ እትም ሲወጣ ለውጦቻችንን አንድ በአንድ እየፈለግን እንደገና መሥራት ነበረብን። የብራውዘር ፕሮግራሞች መሥሪያ የሆነው አንግላር በ2016 ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ ከቀድሞው ጋር የማይጣጣም እንደነበረ ሁሉ፣ በዚህ ዘርፍ መሠረቱ ራሱ የሚቀየርበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር በላይብረሪውና በእኛ ኮድ መካከል አንድ ስስ ንብርብር አኖርን፤ የትእዛዙ ደንቦችም የትኛው ሠንጠረዥ እንደሚያሳያቸው እንዳያውቁ አደረግን።

የወርኃዊ ሪፖርትና የቅንብር ገጾቹን በቀድሞው አሠራር ተውናቸው። አንድ ሰው በወር አንዴ የሚከፍተው ገጽ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢያስጠብቅ ማንንም አይጎዳም፤ እስከ ዛሬም እንዲቀየሩ የጠየቀ የለም።