449 ዶቃ በአንድ ሽቦ

ሊፔዝን ጎንደር ውስጥ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ቆሽታችን አመንጭቶ ወደ አንጀት የሚልከው፣ የበላነውን ቅባት የሚቆርጥልን ኢንዛይም ነው። የኑግ ዘይትም ሆነ የፋሲካ ዶሮ ቅቤ፣ ሥራው ያው ነው። ግሊሰሮል በሚባል የቅባቱ ግንድ ላይ ከተያያዙት ሦስት ፋቲ አሲዶች (ረጃጅም የቅባት ክሮች) የዳርና የዳሩን ቆርጦ የመሃሉን ይተወዋል። ሊፔዝ ራሱ ደግሞ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ተራ በተራ የተያያዙበት ሰንሰለት ነው፤ ሰሪን፣ አስፓርቴትና ሂስቲዲን የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ናቸው፣ ቁጥራቸውም በሰንሰለቱ ላይ ያላቸው ተራ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ 152ኛው ሰሪን፣ 176ኛው አስፓርቴትና 263ኛው ሂስቲዲን አብረው ይሠራሉ ብለውናል። ይህን ያህል ተራርቀው እንዴት ይገናኛሉ?»

«ሰንሰለቱ ይታጠፋል» ብዬ አለፍኩት። መልሱ ግን ለራሴም አልተዋጠልኝም።

ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ዶቃና ቀጭን ሽቦ ገዛሁ። ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ፣ በድምሩ 449 ዶቃ፤ ለሦስቱ ብቻ ቀይ፣ ለቀሩት ነጭ። ማታ ቁጭ ብዬ እየቆጠርኩ ሰካሁ። ስጨርስ ቀዮቹ ቦታቸውን ስተዋል። ለካ ቁጥሮቹን ያመጣሁት ከሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው የሚቆጥረው ኋላ ተቆርጠው የሚቀሩትን 16 የመነሻ አሚኖ አሲዶች ጨምሮ ነው። ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ቁጥር ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ «ከየት ጀምሮ የተቆጠረ ነው?» እላለሁ።

ማጠፉ ሦስት ማታ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1990 በኤክስሬይ የታወቀውን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እያዞርኩ ሽቦውን ተከተልኩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀይ ዶቃ በሽቦው ላይ ከስንዝር በላይ ይራራቃሉ። ሲታጠፍ ግን ሦስቱም አውራ ጣቴ ሥር ገቡ! ሰሪኑ ቅባቱን ይቆርጣል፣ ሂስቲዲኑ ከሰሪኑ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን እምብርት) ተቀብሎ ያነቃዋል፣ አስፓርቴቱ ሂስቲዲኑን ደግፎ ይይዛል። ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ያን ማታ ገና በእጄ ዳሰስኩት።

አንድ ስህተት ግን ቀረኝ። ከ237 እስከ 261 ያለው ክፍል እነዚህን ሦስቱን የሚሸፍን ክዳን ነው። እንዳይወልቅ ብዬ በማስቲሽ አጣበቅኩት። ክፍል ይዤው ስገባ ያቺው ተማሪ ከፍታ ልታይ ሞከረች፤ እምቢ አላት። እውነተኛው ክዳን ውሃ ውስጥ እንዳለ ይዘጋል፣ የቅባት ጠብታ ሲያገኝ ደግሞ ይከፈታል። የኢንዛይሙ ዋና ነገር ይህ ሆኖ ሳለ እኔ አሽጌው መጥቻለሁ። እዚያው ማስቲሹን በምላጭ ፋቅኩት።

አሁን ክዳኑን በጣቷ ከፈት ዘጋ አደረገችው። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ሐሞት የቅባቱን ጠብታ ዙሪያውን ይሸፍነዋል ብለውናል። ታዲያ ሊፔዙን ገፍቶ አያስለቅቀውም?» አለች።

ያስለቅቀዋል። ለዚያ ነው ኮሊፔዝ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን የኢንዛይሙን ጭራ ይዞ ቅባቱ ላይ የሚያቆየው።

ቅዳሜ ተመልሼ 90 ያህል አረንጓዴ ዶቃ ገዛሁ።